በጆሮዬ ሳነብ

ባለፈው ሚያዝያ የልጅ ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት ወላጆችን ሰብስቦ ነበር፤ እናቷ ከሥራ መውጣት ስላልተመቻት እኔ ሄድኩ። ጉዳዩ ልጆች ለምን በደንብ ማንበብ እንዳቃታቸው ለመነጋገር ነው። አንዱ አባት ስልክ ነው አለ። አንዲት እናት አይደለም፣ አንድ ክፍል ውስጥ ይህን ሁሉ ልጅ አጭቆ ማን ማንን ይሰማል አለች። መጽሐፍ አልደረሰንም ያለም ነበር። ከኋላ የተቀመጠ ባለ ጋሪ ደግሞ ተነስቶ፣ «ቤት ውስጥ በኦሮምኛ፣ ሰፈር ውስጥ በአማርኛ እናወራዋለን፣ ቴሌቪዥኑ በእንግሊዝኛ ይጮህበታል፤ ልጁ በየትኛው ያንብብ?» ሲል አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቄን ጨርሼ ለመናገር እጄን አወጣሁ። ይሄኔ ከጭላሎ ተራራ የወረደ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር፤ ሜዳ ላይ ሲጫወቱ የነበሩት ልጆች እየተንጫጩ ወደ አዳራሹ ጎረፉ፤ ከእነሱም ጋር የእርጥብ የሱፍ ሹራብ ሽታ ገባ። እጄን አወረድኩት። ለመናገር ያሰብኩት ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፋ።

ያ ሽታ የበግ ፀጉር፣ የጭስና የጠመኔ ድብልቅ ነው። ከአሰላ ውጭ ስኖር ሸቶኝ አያውቅም፤ እንዲህ ያለ ብርድና እንዲህ ያለ ዝናብ፣ እናት በእጇ የሠራችውን ሹራብ የለበሰ ይህን ያህል ልጅም አንድ ላይ ካልተገናኘ የሚፈጠር አይመስለኝም። እሱ ሲሸተኝ ዕድሜዬ ይቀንሳል። ከአግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተንጠልጥዬ፣ አንገቴን አስግጌ፣ የመጽሐፉን ዳር ዳር የማይ ትንሽ ልጅ እሆናለሁ።

አሰላ የመጣሁት ከሳጉሬ ወዲያ ካለ ገጠር ነው። ያመጣችኝ የአባቴ እህት ፋጡማ ናት። በኦሮምኛ የአባት እህት «አዳዳ» ስለምትባል አዳዳ እላት ነበር፤ እስክትሞትም ሌላ ስም ሰጥቻት አላውቅም። አዳዳ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ጨውና ላምባ፣ ስኳርና ክብሪት የምትሸጥበት ትንሽ ሱቅ ያላት ሴት ነበረች። ሳቋ ከሱቋ ይሰፋል። አንድ ቀን ገጠር ድረስ መጥታ አባቴን፣ «ወንድሜ፣ ቤቴ ውስጥ ፊደል የሚያውቅ ሰው የለም። መድኃኒት ስገዛ እንኳ ስንት ስንት እንደምውጥ የጎረቤት ልጅ ነው የሚያነብልኝ፤ አንዱን ቀን ተሳስቶ ቢገድለኝስ? ከልጆችህ አንዷን ስጠኝ» አለችው። አባቴ ብዙ አሰበ። ከሴቶቹ ልጆች ሁሉ ነገር ቶሎ የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ አንዴ የሰማሁትን ዘፈን ከነማንጎራጎሩ፣ አንዴ የሰማሁትን ወሬ ከነሳሉ እመልሰዋለሁ። «ከዲጃን ውሰጃት፤ እሷ የሰማችው አያመልጣትም» አላት። የኋላ ኋላ መከራዬ የሆነው ይኸው መልካም ስሜ ነው።

ትምህርት ቤታችን ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነበር። ለሦስት ልጅ የተሠራው ወንበር ላይ አምስት ሆነን እንቀመጣለን፤ መጽሐፉ ለአንድ ወንበር አንድ ነው። መሃል የምትቀመጠው የጎረቤታችን ልጅ ብርቄ ስለሆነች መጽሐፉ ፊቷ ይዘረጋል፣ እኛም ከግራና ከቀኝ እንዘነበልበታለን። የእኔ ቦታ ዳር ነው። ከዚያ ሆኜ የሚታየኝ የገጹ ጠርዝና የሥዕሉ ግማሽ ብቻ ነበር፤ መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ የተሳለችውን ዶሮ ጅራቷን ብቻ ሳይ ከርሜ ጭንቅላቷን ያየሁት ብርቄ ታማ የቀረች ቀን ነው። ጭንቅላት ስለነበራትም በጣም ተደሰትኩ።

አማርኛ የማውቀው ለገበያ የሚበቃውን ነበር። ና፣ ሂጂ፣ ስንት ነው፣ ቀንሽልኝ። መጽሐፉ ውስጥ ደግሞ ማንም ለማንም ቀንሽልኝ አይልም። መምህራችን ጋሼ ደምሴ ግን ይህ ሁሉ እንዳይታወቀኝ የሚያደርግ ድምፅ ነበራቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ረጅም ካፖርት ይለብሳሉ፤ ሲያነቡ ድምፃቸው ከሆዳቸው ስር ተነስቶ ክፍሉን ይሞላዋል። እሳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ያነባሉ፣ እኛ በአንድ አፍ እንመልሳለን። «ዶሮዋ ከቆጥ ወረደች!» ዶሮዋ ከቆጥ ወረደች! «ዶሮዋ ጥሬ ለቀመች!» ዶሮዋ ጥሬ ለቀመች! እኔ ቆጥ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ዶሮዋ ለምን እንደወረደችም አላውቅም፤ ግን ዜማው እንዴት ደስ ይላል! በጥቂት ቀን ውስጥ ገጹን በሙሉ ያዝኩት፤ ከዚያ የሚቀጥለውን፤ ከዚያ መጽሐፉን ሁሉ። ከክፍሉ ሁሉ ድምፄ ስለሚጎላ ጋሼ ደምሴ ሲደክማቸው «ከዲጃ፣ አንቺ ምሪ» ብለው መስኮቱ ጋ ፀሐይ ይሞቃሉ። እኔም እመራለሁ። ጣቴን እንደ ሌሎቹ ገጹ ላይ አንሸራትታለሁ፤ ጣቴ ዶሮዋ ላይ ሲሆን አፌ ድመቷ ጋ ቢደርስም ማን ያያል?

ማታለሌ አልነበረም። ማንበብ ማለት ይኸው ነው ብዬ ነው። ሌሎቹ ልጆች ገጹን ሲያዩ የሚያዩት እኔ የማየውን መስሎኝ ነበር፤ ጥቁር ጥቁር ጉንዳን የተደረደረበት ነጭ ወረቀት። ጉንዳኖቹ ለጌጥ የተቀመጡ ይመስሉኝ ነበር። ፊደል ገበታውንም ከሀ እስከ ፐ በዜማ እወጣዋለሁ፤ ግን አንዱን ፊደል ነጥሎ «ይሄ ማነው?» የሚል ሰው ቢመጣ ከመጀመሪያው ጀምሬ እየዘመርኩ እስክደርስበት መጠበቅ ነበረበት።

የሁለተኛው ዓመት ትምህርት በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት አንድ የጭነት መኪና ትምህርት ቤቱ ግቢ ገብቶ ቆመ። አዲስ መጽሐፍ ነበር። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ፣ አዲስ የታተመ፣ ገና ቀለሙ የሚሸት መጽሐፍ! ልጁ ሁሉ አበደ፤ ብርቄ መጽሐፏን አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ ዙሪያዋን ተሽከረከረች። ዳይሬክተሩም ደስ ስላላቸው ቅዳሜ ጠዋት ወላጆችን ጠርተው፣ ከልጆቹ ሁሉ ጎበዟ አንባቢ አዲሱን መጽሐፍ ከፍታ እንድታነብ አዘዙ። ጋሼ ደምሴ ማንን እንደመረጡ መናገር አያስፈልግም።

አዳዳ ሱቋን ዘግታ፣ የዒድ ቀሚሷን ለብሳ ፊት ለፊት ተቀመጠች። አባቴም ገብስ ሊሸጥ ከገጠር መጥቶ ስለነበር ከኋላ ከወንዶቹ ጋር ቆሟል። ሰው ሁሉ እንዲያየኝ ወንበር ላይ አቆሙኝ። መጽሐፉን ከፈትኩ። ዶሮዋ የለችም። ገጹ ላይ ወንዝ ዳር የቆመች ትልቅ ላም ነበረች። ትንሽ ተገረምኩ፤ ግን ሥዕል ነው፣ ሥዕል ሊቀየር ይችላል ብዬ ጉሮሮዬን ጠርጌ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ለቀቅኩት።

«ዶሮዋ ከቆጥ ወረደች! ዶሮዋ ጥሬ ለቀመች! ድመቷ ዶሮዋን አየቻት!»

ጉርምርምታ ተሰማ። እኔ የአድናቆት መሰለኝ። አሁን አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ክፍላችን ውስጥ ተሾመ የሚባል ልጅ ነበር፣ ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ ቆሎ ስለሚይዝ ጋሼ ደምሴ ድመቷ ጋ ሲደርሱ ቀና ብለው የሚያዩት እሱን ነው። አንዴ ያስላቸዋል፣ ከዚያ ይቆጡታል። ይህ በየቀኑ የሚሆን ስለነበር እኔ የጽሑፉ ክፍል አድርጌው ነበር፤ የተሾመ ስም መጽሐፍ ላይ በመውጣቱም እቀናበት ነበር። ክፍል ውስጥ ያንን ቦታ ለጋሼ ደምሴ እተውላቸዋለሁ፤ ድርሻቸው ነው። ያን ቀን ግን እሳቸው ዝም ስላሉ ታሪኩ እንዳይጎድል ብዬ ራሴ ሞላሁት።

«እህ፣ እህ! አንተ ተሾመ! እጅህን ከኪስህ አውጣ!»

ከልጆቹ መሃል ተሾመ ደንግጦ እጁን ከኪሱ አወጣ። ቆሎው ተበተነ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳቅ አሰላ ከዚያ ወዲህ ሰምታው የምታውቅ አይመስለኝም፤ ዳይሬክተሩ መሐረባቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፣ ጋሼ ደምሴ እስከ ካፖርታቸው ኮሌታ ቀሉ፣ እናቶች ተደጋገፉ። አዳዳ ብቻ ዐይኗ እንባ አቅርሮ ታጨበጭባለች። አማርኛውንም ጽሑፉንም ስለማታውቅ ሰው ሁሉ የሳቀው ታሪኩ ስለሚያስቅ መስሏት ነበር።

አባቴ አልሳቀም። ሰው ሲበተን ወደ አዳዳ መጣና በቀስታ፣ በኦሮምኛ፣ «እህቴ፣ ልጄን ሰው ሳቀባት። ዓመት ሙሉ ተቀምጣ አንዲት ፊደል አልያዘችም። እቃዋን አዘጋጂላት፣ ይዣት ልሂድ» አላት። አዳዳ ነገሩ ገና ያኔ ገባት። ፊቷ ሲለዋወጥ ትዝ ይለኛል፤ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።

ያን ጊዜ ነው እትዬ ሙሉ የመጡት። ሌላኛው ክፍል የሚያስተምሩ ወጣት መምህርት ናቸው፤ ተወልደው ያደጉት እዚሁ አርሲ፣ ጎበሳ ስለሆነ ኦሮምኛቸው ከእኛ አይለይም። አባቴን ሰላም ብለው በኦሮምኛ እንዲህ አሉት፤ «አባቷ፣ ይቺ ልጅ መጽሐፍ ሙሉ በማታውቀው ቋንቋ በጆሮዋ ብቻ ይዛለች። ጆሮዋ እንዲህ ከሆነ ዐይኗ ሲከፈት ምን ልትሆን እንደምትችል አላሰቡም? ለእኔ ክፍል ይስጡኝ። እስከ ሰኔ ብቻ።»

አባቴ አያቸው፤ እኔን አየኝ፤ መሬቱ ላይ የተበተነውን የተሾመን ቆሎ አየ። «እሺ» አለ በመጨረሻ። «ሰኔ ላይ ግን ራሴ መጥቼ እፈትናታለሁ።»

«አንተ?» አለች አዳዳ፣ ሳታስበው አምልጧት። «አንተ ራስህ ፊደል ሳታውቅ እንዴት አድርገህ ነው የምትፈትናት?»

«ያኔ ታያላችሁ» ብሎ ጋቢውን አጣፍቶ ሄደ።

እትዬ ሙሉ መጀመሪያ ያደረጉት ከፊት አስቀምጠው ቆጥ ምን እንደሆነ መጠየቅ ነው። «የዶሮዋ ስም ነው» አልኳቸው። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ እንባቸውን በሻሻቸው ጠርገው ጭንቅላቴን ደባበሱኝ። ከዚያ ከካርቶን ቁራጭ መሃሉን ትንሽ ቀደዱና ፊደል ገበታው ላይ አሳረፉት፤ በቀዳዳው የሚታየው አንድ ፊደል ብቻ ሆነ። ዜማዬ ጠፋ። ያን ጉንዳን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን አየሁት። ሆድ ነበረው፣ እግር ነበረው፣ አንዳንዱ አንድ እግሩ አጠር ይላል።

በማግስቱ ደግሞ ሰሌዳው ጥግ ላይ ሦስት ፊደል ጻፉ፤ አ፣ ነ፣ ን። በዚያ ዘመን ጎልማሶች በየቀበሌው ፊደል ሲቆጥሩ ኦሮምኛም በዚሁ በግዕዝ ፊደል ይጻፍ ነበር። አንዱን አልኩ፣ ሁለተኛውን አልኩ፣ ሦስተኛውን አልኩ፤ «አሁን አገናኚው» አሉኝ። አገናኘሁት። አነን። በኦሮምኛ ወተት ማለት ነው። ሰሌዳውን አፍጥጬ አየሁት። ያ ጠመኔ የእናቴን ወተት መናጫ፣ ከአፉ የሚወጣውን የጭስ ሽታ፣ ማለዳ ብርዱን ሁሉ ይዞ ፊቴ ቆሟል። መጽሐፍ የእኔን ቤት ነገር ማወቅ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። «ሌላ ይጻፉልኝ» አልኳቸው። ገብስ፣ ፈረስ፣ እሳት፣ እማዬ፤ በኦሮምኛ የለመንኩትን ሁሉ ጻፉልኝ፤ ክፍሉ ባዶ እስኪሆን አልወጣንም። ዸ የምትባለውን ፊደል ያሳዩኝም ያኔ ነው፤ አማርኛ የማያውቀውን የኦሮምኛ ድምፅ ለመጻፍ ደ ላይ ጭረት ተደርጎላት የተሠራች ናት። ለእኛ ብለው የሠሯት መሆኑን ስሰማ በጣም ኮራሁ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ እንደ ውሃ ፈሰሰ ብል ውሸት ነው። ኅዳር ላይ አጨዳ ደረሰና አባቴ ወሰደኝ፤ ገብሱ እስኪሰበሰብ ከታናናሾቼ ጋር ቤት ጠብቄ ስመለስ ግማሹን ፊደል መንገድ ላይ ጥዬው መጥቻለሁ። ገጠር ሳለሁ በልጅነቴ ከአባቴ ፊት ተቀምጬ የምጋልባት ዳማ የምንላት ባዝራችን ሆዷ መግፋት ጀምሮ ስለነበር ቀኑን ሙሉ እሷ ጋ ነበርኩ፤ የትኛው ልጅ ነው ከዚህ በኋላ ስለ «ሸ» እና ስለ «ሰ» ልዩነት የሚጨነቀው? አሰላ ደግሞ አዳዳ አለች። አዳዳ ማንበብ ማለት መጮህ ነው ብላ ታምናለች። ሱቁ ደጃፍ ተቀምጬ በልቤ ሳነብ ካየችኝ፣ «አፍሽ ካልተንቀሳቀሰ ምኑን አነበብሽው? ተኝተሻል!» ትልና ስኳር ስፈሪ ብላ ትልከኛለች። ስለዚህ እጮሃለሁ። ስጮህ ደግሞ ጆሮዬ ይነቃል፣ ዐይኔ ይተኛል፤ ሁለት ጊዜ ያነበብኩትን ገጽ ሦስተኛ ጊዜ ሳላየው እወጣዋለሁ።

ያዳነችኝ ብርቄ ናት። ብርቄ አንድ ትልቅ ጭንቀት ነበራት፤ ቦኖ ውሃ ስንቀዳ ሴቶቹ በኦሮምኛ ሲሳሳቁ እሷን የሚያሟት ይመስላታል። ስለዚህ ተዋዋልን፤ እኔ ኦሮምኛ ላስተምራት፣ እሷ ታስነብበኝ። ገጹን ከፍታ ከመሃል፣ ከታች፣ ከፈለገችበት ቦታ ቃል ትነጥላለች፤ «ይቺን! አይ፣ ከላይ አትጀምሪ፣ ይቺን ብቻ!» ስሳሳት ጆሮዬን ትጎትታለች፤ እኔም ኦሮምኛውን ስትሳሳት እጎትታታለሁ። ጆሯችን ቀልቶ ነበር የምንገባው። የኋላ ኋላ ኦሮምኛው ሲገባት የቦኖው ሴቶች ስለ ሽንኩርት ዋጋ እንጂ ስለ እሷ አንድም ቀን አውርተው እንደማያውቁ ደረሰችበት፤ ያን ቀን በጣም ተናደደች።

ዝናቡ የመጣው በሚያዝያ፣ ጋሼ ደምሴ ቀርተው ልጆቻቸው ከእኛ ክፍል ጋር በተቀላቀሉበት ቀን ነው። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ስር የአርሲ ዝናብ ሲወርድ አጠገብህ ያለው ሰው ቢጮህ አፉ ሲከፈት ታያለህ እንጂ ድምፅ አትሰማም። ከዚህ በፊት ዝናብ ሲመጣ ትምህርት ያበቃል፤ ጋሼ ደምሴ እጃቸውን አጣጥፈው ጣሪያውን ያያሉ፣ እኛ እንቆነጣጠጣለን። እትዬ ሙሉ ግን ጠመኔያቸውን አነሱና ሰሌዳው ላይ «ተሾመ፣ ተነስተህ ዝለል» ብለው ጻፉ። ተሾመ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ፣ ግራ ቀኝ አየ፣ ተነስቶ ዘለለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ሳቁ ራሱ አይሰማም። «ብርቄ፣ ምላስሽን አውጪ» ብለው ጻፉ። ብርቄ አወጣች። ልጆቹ ጨዋታው ገባቸው፤ ጠመኔው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሁሉም አንገቱን ያሰግጋል።

እኔ ጨንቆኛል። ጆሮዬ የለም። ከፊት የሚያነብልኝ፣ ከጎን የሚያንሾካሹክልኝ፣ ከኋላ የምከተለው ድምፅ የለም፤ ዝናቡ ሁሉን ወስዶታል። እትዬ ሙሉ ሰሌዳውን ጠርገው አዲስ ጻፉ። የመጀመሪያዋን ፊደል ሳያት ልቤ ዘለለ። ከ። ዲ። ጃ። እኔ ነኝ! ብርቄ ጆሮዬ ላይ አፏን ለጥፋ የሆነ ነገር ትላለች፣ ምንም አይሰማኝም፤ ገፋኋት። በ፣ ሩ፣ ን። በሩን። ክ፣ ፈ፣ ቺ።

ከዲጃ፣ በሩን ክፈቺ።

በዚህ ዝናብ? ደግሜ አነበብኩት። እትዬ ሙሉን አየኋቸው፤ ሆን ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል። ተነሳሁ። በሩ ጋ እስክደርስ ክፍሉ ሁሉ ያየኛል፤ ተሳስቼ ከሆነስ እላለሁ። መቀርቀሪያውን ሳብኩት። ነፋሱና ዝናቡ ተጋፍተው ገቡ፤ ወረቀቱ ሁሉ ተነስቶ በረረ፣ የእትዬ ሙሉ ሻሽ ከራሳቸው ላይ ተነስቶ ኋላ ወንበር ላይ አረፈ፣ ልጆቹ እየዘለሉ ጮሁ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ዝናብ ይመታኛል፣ ሹራቤ ይረጥባል፣ እስቃለሁ። ማንም በአፉ አልነገረኝም፤ ማንም ቀድሞ አላስጠናኝም፤ እንዲህ አድርጊ ያለኝ ሰሌዳው ነው፣ እኔም ሰማሁት። እትዬ ሙሉ መጥተው በሩን በትከሻቸው ዘጉና እርጥብ ጭንቅላቴን ደረታቸው ላይ ለጠፉት። የሚሉትን አልሰማሁም፤ ማልቀሳቸውን ግን አየሁ።

ሰኔ ላይ አባቴ በሎንችና አውቶቡስ መጣ። ቃሉን አልረሳም። አዳዳ ከጠዋት ጀምሮ እቃዬን አጣጥፋ መልሳ ትፈታዋለች። ትምህርት ቤት ስንደርስ ክፍሉ ውስጥ እትዬ ሙሉና ጋሼ ደምሴ ነበሩ፤ ጋሼ ደምሴ ተጠርተው ሳይሆን ሰምተው ነው የመጡት፣ ካፖርታቸውን ለብሰው ጥግ ተቀምጠዋል። እኔ መጽሐፌን ከፈትኩ።

«ዝጊው» አለኝ አባቴ። «መጽሐፉን በጆሮሽ ልትይዢው ትችያለሽ። ወደ ግድግዳው ዙሪና ጆሮሽን ያዢ።»

ዞርኩ፤ በሁለት እጄ ጆሮዬን ደፈንኩ። አባቴ ወደ እትዬ ሙሉ ተጠግቶ ቀስ ብሎ ነገራቸው። በጣቶቼ መሃል የጠመኔው መንኳኳት ብቻ ተሰማኝ። አዳዳ ትከሻዬን ነካችኝ፣ ዞርኩ።

ሰሌዳው ላይ ሁለት የኦሮምኛ ቃል ብቻ ነው ያለው። ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። «ዳ... ማን...» ዳማ! ባዝራችን! ቀጥሎ ያቺ ጭረት ያለባት ፊደል አለች። «ዸል... ቴ...»

ዳማን ዸልቴ። ዳማ ወለደች።

የመጨረሻውን ቃል አገናኝቼ አልጨረስኩትም። ጮህኩ። ዳማ ወለደች! እየዘለልኩ ሄጄ አባቴ ጋቢ ውስጥ ገባሁ፤ ወንድ ነው ሴት፣ ምን ዓይነት መልክ አለው፣ ቆሟል ወይ፣ ይጠባል ወይ፣ ጥያቄዬ ተደራረበ። አባቴ ግን አይመልስልኝም። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ይስቃል፣ ወደ አዳዳ እያየ፣ «አልነገርኳትም! አላህ ምስክሬ ነው፣ ማንም አልነገራትም! ቤት ያለው ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው!» ይላል። አዳዳ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እልል አለች። ጋሼ ደምሴ ጥጋቸው ውስጥ ሁለት ጊዜ አሳላቸው፣ ካፖርታቸውን አስተካክለው ተነሱና እትዬ ሙሉን በክብር ጨበጧቸው።

ከዚያ ወዲያ አዳዳ በአሰላ ጎዳና ዝም ብላ መሄድ ተወች። የልብስ ሰፊው ሰሌዳ ፊት ትቆማለች፤ «ይሄስ?» አነብላታለሁ። ፋርማሲው፣ ፀጉር ቤቱ፣ ጎሚስታው፤ «ይሄስ?» ስሜንም ጉብዝናዬንም ለማታውቀው መንገደኛ ሁሉ ታስተዋውቃለች። መድኃኒቷን ግን ሳነብላት ሁልጊዜ ብርቄን ጠርታ ታረጋግጥ ነበር።

ያ ትምህርት ቤት ዛሬ በብሎኬት ተሠርቷል፤ ጣሪያው ኮርኒስ ስላለው ዝናብ ሲዘንብ መምህሩ ይሰማል። እትዬ ሙሉ ከአሰላ ተቀይረው ከሄዱ በኋላ የት እንደደረሱ አላወቅኩም፤ አዳዳ አርጅታ፣ ሱቋን ለእኔ አውርሳ፣ እየሳቀች ሞተች። ብርቄ ኦሮምኛዋ ከእኔ ይሻላል። እኔ ደግሞ አንባቢ ሆንኩ፤ የእህል ጆንያ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳይቀር ሳላነብ አላልፍም፤ በዚህ ዓለም ከተሰጠኝ ደስታ ሁሉ እሱን የሚያህል የለም።

ጆሮዬ ግን ሄዷል። መቼ እንደሄደ አላውቅም፤ ዐይኔ ሲነቃ ቀስ በቀስ አንቀላፍቶ ይሆናል። አንዴ ሰምቼ የምይዘው ዘፈን ዛሬ አሥር ጊዜ ሰምቼውም ያመልጠኛል። ይህን ያወቅኩት አባቴ ካረጀ በኋላ ነው። ሳጉሬ ልጠይቀው በሄድኩ ጊዜ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ የአባቶቹን ስም ይቆጥርልኝ ነበር፤ የእሱ አባት፣ የአባቱ አባት፣ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፤ ለእያንዳንዱ ስም ትንሽ ታሪክ አለው፤ ፈረሱን፣ ሚስቱን፣ የተጣላውን ሰው። እኔ መሃል ላይ ይምታታብኝና «አባ፣ ቆይ፣ ወደ ኋላ መለስ በልልኝ» እለዋለሁ።

ይስቃል። «እኔ እንደ መጽሐፍሽ አልገለጥም፣ ልጄ። አንዴ ነው የምናገረው።» ከዚያ ግን ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ይጀምርልኛል።

የሚቀጥለው ጊዜ ስመጣ ደብተር ይዤ መጥቼ እጽፈዋለሁ አልኩ። እሱ ግን አልጠበቀኝም። ዛሬ የልጅ ልጆቼ ሲጠይቁኝ እስከ አባቴ አያት ድረስ እቆጥርላቸዋለሁ፤ ፈረሱንም እነግራቸዋለሁ፣ ሚስቱንም። ከእሱ በላይ ያሉትን አላውቃቸውም። የሚያውቃቸውም ሰው የለም።